ሳይረኑ ከቆመ በኋላ

ሐረጎን ስንወጣ ጭጋግ ተቀበለን፤
ረዳቱ መስኮቱን «ዝጉ እንጂ፣ በረደን»
ይላል፤ እኔ ብቻ ሸሚዜን ከፈትኩኝ፣
በዚያ ብርድ መሃል በላብ ተጠመቅኩኝ።
ደሴ ላይ ወርጄም፣ ከጦሳ ሥር ቆሜ፣
ኮምቦልቻ በግንቦት ይነዳል በደሜ።
መርፌው ነው።

ዶክተር ሐያት ልጅ ናት። በወረቀት ጀርባ
ክብ ሣለች፤ ከዚያ በክቡ ውስጥ ገባ
አንድ ትንሽ ቀስት። «ይህ ሕዋስ ነው አባ፤
ሆርሞኑ ደወል ነው፣ በደም ይጓዛል፤
ተቀባዩ ደግሞ ጠብቆ ይይዛል፤
ይዞም ወደ መሃል፣ ወደ ማዘዣው ክፍል
ዘልቆ ያነባል፦ ‹ተባዛ፣ ተከፈል›።»

«ገባኝ» አልኳት። እንዴት አይገባኝ ለኔ?
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጨርቃ ጨርቁ በር፣ በዓይኔ
ባጅ እየመረመርኩ፣ ሳይረኑ ሲጮህ ከፍቼ፣
ስንቱን ፈታይ፣ ስንቱን ሸማኔ አስገብቼ።

መርፌው ደወሉን ዘጋ። የደሜ ቁጥር ከመቶ አርባ ሁለት
ወርዶ አንድ ሆነ፤ ዘይባ ልጄ፣ መስሏት የመጨረሻው ዕለት
የበሽታው፣ አለቀሰች።
ዓመት ከመንፈቁ ቁጥሩ ተነሣ፤
አራት፣ አሥራ ዘጠኝ። ከረመና ሠላሳ።

«ደወሉ ተመልሶ ይሆን?» ብዬ ብጠይቃት
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ከበዳት።
«አይ አባ፤ ደወሉ የለም። ጠባቂው ነው የተለወጠ።
በዛ፤ ጆሮው ሰፋ፤ በየሽውታው የደነገጠ።
አንዳንዱማ መያዣ እጁን ቆርጦ ጥሎ
ማንም ሳይጠራው ያዛል፣ ‹ተጠርቻለሁ› ብሎ።»

ሳቅሁ። እሷ ደነገጠች።
የዚያን ክረምት ነገር ከየት ታውቃለች?

ፋብሪካው የቆመ ጊዜ፣ ሳይረኑን ዝገት ሲበላው፣
ከቦርከና ሌላ ድምፅ ሌሊቱን ሳይሞላው፣
በአሥራ አንድ ተኩል እነሣ ነበር፣
ኮቴን ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ፣ በሩ ላይ ልገተር።
ማንም አልጠራኝ። ማንም አልመጣ።
እኔ ግን ቆጠርኩ፤ የሌሊቱ ሺፍት ሲወጣ፣
የጠዋቱ ሲገባ። ዘይባ ከኋላዬ እጄን ይዛ
«አባዬ፣ ቆሟል እኮ» ትላለች፣ በእንቅልፍ ደንዝዛ።

ታዲያ ይህን ሕዋስ ምን ብዬ ልርገመው?
ትጋት ነው የያዘው፤ ትጋት ነው ያመመው።

ሌላ ኪኒን ጻፈች፣ ለጆሮው መድፈኛ፤
«ደሴ ካጡት...» ብላ ተወችው። ተሳፈርን እኛ።

ሐረጎን ወርጄ፣ ወረቀቱን በኪሴ፣
እግሬ ወደዚያው በር መራኝ፤ አላዘዝኩም ራሴ።
ፋብሪካው ዳግም ይሠራል፤ ጢሙ ገና ያልበቀለ
ልጅ ዘበኛ «መታወቂያ?» አለ።
«የለኝም።»
«እንግዲያው አይገቡም።»
እሰይ ልጄ፣ አልኩት።