የሌለው መንገድ

ፍኖተ ሰላም ነው፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ቢሮዬ አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ባዶ፤
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ አንካሳ ጠረጴዛ፣
ያጠራቀምኩት ብር፣ ካርታ የሚገዛ።

አርባ ሺህ ከፈልኩኝ፣ እቁቤን ወስጄ፣
አዲስ አበባ ድረስ በሌሊት ሄጄ፤
ጣት በምታህል ፍላሽ ተጠቅልሎ፣
ጎጃም አብሮኝ መጣ፣ በኪሴ ታዝሎ።

ብር ከፍዬ ብርን፣ ወንዙን ከነገባሩ፣
ላህን ከነእጥፋቱ፣ ጅጋን ከነድንበሩ፣
"ገዛሁ" አልኩኝ ያኔ፣ ሰው ሲገዛ እንደሚል፤
ውሉ ሃያ ገጽ ነው፤ ጉንዳን የሚያክል ፊደል።
ፈረምኩ።

እንየው የሚሉት፣ የአምቡላንሱ ሹፌር፣
ስሙ ራሱ ልመና፤ "እንየው" ይለኝ ነበር፤
ሌሊት ምጥ ሲጠራው፣ ቀበሌው ሲጠፋው፣
ስልኩን አውጥቶ ነው በጨለማ የሚያየው።
ለእሱ ብዬ ካርታውን ኢንተርኔት ላይ ሰቀልኩት፤
ጤና ኬላውን በቀይ፣ ድልድዩን በነጭ ቀባሁት።

በሰኔ ሦስት ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ፣
ማኅተም የጠገበ፣ "አቶ አንሙት" የሚለኝ፦
"አንቀጽ አራትን ይዩ። የሸጥነው ማየት፤
በሌላ ዋጋ ነው የሚገዛው ማሳየት።
አንድ ቅጂ ያትሙ፣ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፤
ከግድግዳው ካለፈ ፈረሰ ውሉ።"

ገዛሁ ያልኩት እኔ፣ ለካ ተገዝቻለሁ፤
በገዛ ወንዜ ላይ ፈቃድ እጠይቃለሁ።
ዋና የተማርኩበት ላህ፣ ውኃው የማንም ሳይሆን፣
መታጠፊያው ብቻ የኩባንያ ሲሆን—

"በምን አወቃችሁ?" ብዬ ብደውል፣
ልጅቱ ሳቅ አለች፤ "ከጅጋ ሲወርዱ ቁልቁል
አንድ መንገድ አለ፤ ስም አልተጻፈበትም፤
ለሌባ ምልክት ነው። መሬት ላይ የለም።"

መሬት ላይ የለም።

እንየው፣ በግንቦት ሌሊት፣ ምጥ የያዛት ጭኖ፣
ያንኑ መንገድ ይዞ፣ ካርታዬን አምኖ፣
መብራቱን ቢያበራ፣ የታረሰ ማሳ፤
ጎማው ጭቃ ገባ፣ መኪናው ላይነሣ።
ልጁ እዚያው ተወለደ፤ ገበሬዎች በቃሬዛ
እናቱን ሲያወጧት ሰማዩ ሲወዛ።
እኔ ስሕተት መስሎኝ፣ ይቅር በለኝ ብዬው፣
እግሩ ላይ ወድቄ፣ አረቄ ጋብዤው።

ለካስ ሌላው ሁሉ፣ ወንዙም ጋራውም እውነት፣
እግር ያለው ሁሉ የሚለካው ርቀት፤
የእነሱ ለመሆኑ ምስክር ያለለት
አንድ ጣት ውሸት።

ካርታውን አወረድኩ። አንድ ቅጂ አተምኩ፣
አንቀጹ እንዳዘዘኝ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ።
አሁን አምቡላንሱ በተነሣ ቁጥር
የእንየው ስልክ ይጽፋል፣ ነጥብ ከነጥብ ሥር፤
ከጅጋ መገንጠያ እስከ ብር ድልድይ ደርሷል፤
ጠማማ ነው መስመሩ፤ ላም ስትሻገር ቆሟል።

ትናንት ማታ ልጭነው ፋይሉን ስከፍተው፣
ሁለት ጥያቄ አለው፣ ሳልመልስ የማላልፈው፤
"ባለቤት" የሚል ሣጥን፣ "ፈቃድ" የሚል ሣጥን።
የማንን ልጻፍ? የላህን? የላሟን?
ከታች፣ ከመናኸሪያው፣ የእንየው ጥሩምባ ተነፋ፤
ሣጥኑ ሳይሞላ፣ መብራትም ጠፋ።