የእርሳስ ዶቃ

አያቴ ክሎሪንዳ ዋና አታውቅም ነበር፤
ግን አርባ ዓመት ቀዝፋለች በቺሎዌ ደሴቶች ዳር።
ፍርሃቷ "ብዘገይስ" እንጂ "ብሰጥምስ" አልነበረም፤
ቄስ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ሞት ግን ተራ አይጠብቅም።
እሱ እስኪመጣ ድረስ ከካስትሮ ከተማ፣
ደዋይዋም እሷ፣ መሪዋም እሷ ለጸሎት ለዜማ፤
ሬሳ ገንዛ ታድራለች፣ ሕፃን ታጠምቃለች፣
ሲነጋ ከጭቃው ወርዳ ድንች ትለቅማለች።

አንድ ቀን ከመቁጠሪያዋ አንዲት ዶቃ ጠፋች።
አጎቴ ባውዲልዮ "በግ ነው የበላት" ይላል፣
አክስቴ ኤርሜሊንዳ "ባሕር ነው" ትላለች፤
እስከ ዛሬ አልታረቁም።
እሷ ግን አልፈለገቻትም።
ከመረቧ ጫፍ እርሳስ ቆርጣ፣ በሚስማር በስታ፣
ሰካቻት በባዶው ቦታ።
"ከበደ እኮ" ስንላት፣ "ይክበድ" አለች፣ "ምን አለበት?
ቀላል ጸሎት ነው ነፋስ የሚጫወትበት።"

ደግሞ ያ ቤት አለ።
ባሕሩ መሠረቱን ላሰ፣ ላሰ፣ ሸረሸረ፤
መንደሩ ተሰብስቦ መከረ፦
ቤቱ እንዳለ፣ ከነጣራው ከነበሩ፣
በበሬ ይጎተት፣ ከዚያ በጀልባ ታስሮ ሰርጡን ይሻገር ተባለ።
ሃያ በሬ መጣ። ግንድ ተነጠፈ። የፖም ጠላ ተቀዳ።
"ሴትና ሕፃን በሌላ ጀልባ!" አሉ ወንዶቹ።
እሷ ምድጃዋን ለኩሳ በመስኮት ብቅ አለች፦
"ሾርባው ሳይበስል የት ልሂድ?"

ቤቱ ባሕር ገባ፤ ጭሱ ከአናቱ ይትጎለጎላል፤
ከሩቅ ያየ ዓሣ አጥማጅ ኮፍያውን አውልቆ አማተበ ይባላል።
ውሃው በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት፣
የማርያምን ሥዕል አንስታ ከፍ ካለው መደርደሪያ አስቀመጠቻት፤
"አንቺ ደርቀሽ ቆዪ፣ እኔስ እርጥበት ለምጃለሁ" አለቻት።
ማዶ ሲደርሱ ሾርባው በስሏል፤ ጨው ግን በዝቶበታል።
"ባሕሩ ቀምሶት ነው" አለች።

በስልሳ ሦስት ዓመቷ ሞተር ሳይክል ገዛች፤
ለልጆቿ ሳትነግር፣ ሁለት ጊደር ሸጣ።
ኑዛዜዋ ከዚያ ወዲህ አንድ ብቻ ሆነ፦
"አባ፣ ፈጠንኩ።"
"እንግዲያው አንድ ሳምንት በእግርሽ" ብለው ቀኖና ሰጧት።
ሰባቱን ቀን በእግሯ ሄደች፤ ቃሏን አክባሪ ነበረች።
በስምንተኛው
ጭቃዋ እንጂ እሷ አልታየችም።

ከአሥራ አራት የልጅ ልጅ አብልጣ የምትወደው እኔን ነበር።
ይህንን በቀብሯ ዕለት አወራሁ፤
አሥራ ሦስቱም እንዲሁ ሲሉ ሰማሁ።

ሰኔ ነበር፣ ክረምታችን። ጉሙ ውሃው ላይ በተኛበት ማለዳ
ሳጥኗን በገዛ ጀልባዋ ጫንን።
ሞተሩ እምቢ አለ።
አንዴ ሳብን፣ ሁለቴ፣ አሥሬ።
ባውዲልዮ ተንበረከከ፦ "ተአምር ነው! መሄድ አልፈለገችም!"
ኤርሜሊንዳ ክዳኑን ከፍታ አየች፦
"ነዳጅ የለውም፣ አንተ ሞኝ።"
እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን፤
መቅዘፊያ አነሳን፣ እሷው እንዳስተማረችን፣
በአንድ "ሰላም ለኪ" አንድ ምት።
እሷን የጫነ ጀልባ ያን ቀን
ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም።

መቁጠሪያው ለእኔ ደረሰኝ። የምሠራው መርከብ ላይ ነው፣
ወደ ደቡብ ጫፍ፣ ሌሊቱ ረጅም፣ ውሃው ጥቁር በሆነበት።
እንደ እሷ አማኝ አይደለሁም፤
ብዙ ጊዜ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል።
ነገር ግን ጣቴ ከዶቃ ወደ ዶቃ ሲራመድ
ያቺ ትመጣለች፤ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ጠርዟ ያልተሞረደ፤
ቀስ እያለች በእጄ ሙቀት ትነቃለች።

እርሳስ ነው ስሟ፤ ግማሹ "እርሳ" ይላል።
ጣቴ ግን እዚያ ሲደርስ
ይቆማል።