የሆድ ቆጠራ

ሰው አፍንጫውን ይዞ ፊቱን የሚያዞርበትን
እኔ እንደ ደብዳቤ በጓንት ነው የምከፍተው፤
ካቶቪትሰ፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ሦስተኛው ማቀዝቀዣ፣
ክዳኑ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ቁጥር አርባ አንድን ግን አውቀዋለሁ።
ኤርቪን ይባላል።
ቀን ከሰል ሲቆፍር፣ ማታ ርግብ ሲያረባ ሸምግሎ
መቅኔው የከዳው፣
የእህቱን የጌርትሩዳን ሊቀበል
መስታወት ክፍል የገባ።

መጀመሪያ የላከልኝ ገበያ ነበር።
ዘር ከዘር ትከሻ ለትከሻ፣
አንዱ ገለባ ሲፈጭ ሌላው ከዱቄቱ ሲቀምስ፣
ስም ያልወጣላቸው እንኳ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው።
ሆደ ሰፊ የሚባለው ለካ እንዲህ ያለው ነው፣
አልኩ በልቤ፤
ቅጹ ላይ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ መድኃኒቱ ወረደ።
መቅኔውን ሊጠርግ የመጣ እሳት
አንጀቱን አልማረ፤
ትኩሳቱን ሊያበርድ የተከተለው አንቲባዮቲክ
ወዳጅ ነህ ጠላት ብሎ አልጠየቀ።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክዳኑን ሳነሳ
ገበያው ተበትኗል።
አንድ ዘር፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዘር ብቻ፣
ባዶ ቤት አግኝቶ በሩን ከውስጥ የቆለፈ።

ምስጢር ሲከብድ ሆድ ይፍጀው ይባላል፤
ሆዱ ራሱ ሲፈጅ ለማን ይነገራል?

ደንቡ አይፈቅድም፣ ግን ወጣሁ።
በመስታወቱ ማዶ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ
ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል።
"የማፍርበትን የምታነቢው አንቺ ነሽ?"
"ቆጠራ ነው" አልኩት፣ ቀላሁ።
ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ደማ።
ከበርሜል የወጣ የኮመጠጠ ኪያር አማረኝ አለ፣
የተከለከለውን፣
ከዚያ ስለ ርግብ አወራኝ፦

"ጭልፊት የገባ 'ለት፣ ርግብ ቤቴ ጠፋ፤
አንድ ወንድ ቀረልኝ፣ ደረቱን የነፋ።
ገዝቼ አልሞላሁም፣ በሩን ከፍቼ ተውኩ፤
ማለዳ ማለዳ፣ ስንዴ እየበተንኩ።"

"መጡ ታዲያ?"
"የመጣው መጣ።"
ነርሷ መጋረጃውን ሳበች።

ጌርትሩዳ በየቀኑ የተቀቀለ ድንች ታመጣለች፤
ሁለት ማንኪያ ይበላል፣ አንዳንዴ አንድ፣
አንዳንዴ ማንኪያውን ያያል።

በአርባኛው ቀን የደረሰኝ
የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም።
ማሽኑ ሲያነብ አደረ፣ እኔም አጠገቡ።
ከመቶ ስልሳው ሠላሳ አራት ተመልሰዋል።
ከነሱ አንዷ በፊተኛው ዝርዝር የለችም፤
ከድንቹ ትሁን፣ ከሰው እጅ፣ ከየትም፣
ቅጹ "ከየት?" የሚል ሳጥን የለውም።

ስልኩን አነሳ።
"ስንት ገቡ?" አለ፣ ሰላምታም የለ።
ነገርኩት። ስለ እንግዳዋም ነገርኩት።
ዝም አለ፤
አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ የሚቆጥር ሰው ዝምታ።
"ያቺን አዲሷን" አለ በመጨረሻ፣
"እንዳታስደነግጧት፤
ገና በሩን አላወቀችም።"