ክፍል ሦስት መቶ ሰባት

አራት ዓመት ከመንፈቅ ባንድ አገር ስንኖር
በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ነበር የምንተያየው፤
እታለም በአል ዓይን፣ እኔ ሻርጃ፣ ዘምዘም ፉጃይራ፣
ሦስት እመቤት፣ ሦስት ደወል፣ በየፊናው ሲጣራ።
ዘንድሮ ግን ገጠመ።
የእኔዎቹ ለንደን ሄዱ፣ የእታለም ማዳም «ሂጂ» አለች፣
ዘምዘምም የወር ዕረፍቷን አጠራቅማ ሁለት ቀን ገዛች።

ዩኒየን ከአውቶቡስ ስትወርድ አላወቅኋትም።
ጥያት የወጣሁት ልጅ ትከሻዬ ጋ ነበረች፤
ይህቺ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ።
እታለም ፈንጠር ብላ ቆማ በዓይኗ ለካቻት፤
«ማን ፈቀደልሽ?» አለቻት፣
«እኔ ሳላይሽ መርዘም?»
ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፣
መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ሲዞረን
እዚያው ቆመን ቀረን።

ናይፍ፣ ከሽቶ ሱቆቹ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
መቶ ሰማንያ ድርሃም፤ ለየራስ ስልሳ ስልሳ።
አልጋው ሁለት፣ እኛ ሦስት፣
መስኮቱ ግድግዳ ያያል፣ ኤሲው እንደ ሽማግሌ ያስላል።
ቁልፉ ግን በእኛ እጅ ነው።
እየተቀባበልን ከውስጥ ቆለፍን፣ ከፈትን፣
ቆለፍን።
ዘምዘም ብቻዋን ሦስቴ ሞከረችው።

ውል ነበረን፦ ስለ ሐዋላ ያወራ አንድ ድርሃም ይቀጣል።
ስለ ወንድማችን ባጃጅ፣
ስለ መርሳው ቤት ቆርቆሮ፣
ስለ አጎታችን ኩላሊት፤
እራት ሳይቀርብ እታለም ሰባት ድርሃም ከሰረች።
በቅጣቷ የማንጎ ጭማቂ ጠጣን።

በወርቁ ገበያ መስታወት ላይ ግንባራችንን አስደግፈን
በማናውቃት ሙሽራ ሠርግ እንደ ሽማግሌ ፈረድን፦
«ይሄ አንገት ይቀጣል።»
«ያኛውን እሺ፤ ግን አማቷ ትወስድባታለች።»

ሲመሽ፣ በአንድ ድርሃም ጀልባ፣ ወንዝ የሚመስለውን ባሕር ተሻገርን።
ማዶ የምንገዛው አልነበረንም፤
ሌላ ድርሃም ከፍለን ተመለስን። ደግሞ ሄድን።
ጀልባ ነጂው፣ ፂሙን በሂና ያቀላ የቺታጎንግ ሰው፣
በአምስተኛው ጉዞ ሳንቲማችንን በመዳፉ መለሰው፤
«ወዴት ናችሁ?» ቢለን በተሰባበረ ዓረብኛ፣
እታለም፣ «የትም» አለችው፣ «ዛሬ መንገደኞች ነን እኛ።»

ሌሊት ሁለቱን አልጋ ገፍተን አንድ አደረግን።
ስንጥቁ ላይ ማን ይተኛ?
መካከለኛዋ፤ ማን ሊሆን ኖሯል።
በግራዬ የእታለም ተረከዝ፣ እንደ አሸዋ ሻካራ፣
በቀኜ ዘምዘም፣ በእንቅልፏ በዓረብኛ «አሁን መጣሁ» ትላለች።

ሊነጋ ሲል የውሃ ድምፅ ሰማሁ።
እታለም ተንበርክካ የሆቴሉን መታጠቢያ ትፈትጋለች፤
ፎጣዎቹን አራት ማዕዘን አጥፋለች፣
መስታወቱን ወልውላለች።
«እታለም! ከፍለንበት እኮ ነው!»
እጇን አየችው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል።
«እሱ ነው የቀሰቀሰኝ» አለች፣ «እኔማ ተኝቼ ነበር።»

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።
ሦስታችንም ባንዴ ብድግ፣
ቀሚስ አስተካክለን፣ «ናዓም!»

ጽዳቷ ነበረች፤ ሱኒታ፣ የኔፓል ልጅ።
አልጋውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ እኛን አየች፣
ምንም አልጠየቀችም።
ባልዲዋን ደጅ ትታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤
ዘምዘም ብርቱካን ላጠችላት።
በጣቷ «አስር ደቂቃ» አለችን።
ሃያ ተቀመጠች።

ዩኒየን ላይ እታለም የሻንጣዋን ማሰሪያ ገመድ ፈታ
ዘምዘምን ከተረከዟ እስከ አናቷ ለካቻት፣
በልኳም ቋጠሮ ቋጠረች።
«በሚቀጥለው...» አለች።
መቼ እንደሆነ አላለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

አንድ ድርሃም እጄ ላይ አስቀምጣ
(«ስለ ኩላሊቱ እደውልልሻለሁ»)
ገመዱን ጡቷ ሥር ወሸቀች፣
ዚፑ የተበላሸውን ሻንጣ
እንዳይዘረገፍ በሁለት እጇ አቅፋ
የአል ዓይንን አውቶቡስ በጎኗ ገባች።