ሲያልቅ አያምር

ሠላሳ ስድስት ናቸው፣ ከነከበሮ መቺው፣
ከጣቴ አንጓ አይዘልም የረጅሙ ቁመት፤
በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በቡሽ ላይ ተተክለው
ሲጠብቁኝ ከረሙ አንድ ሙሉ ዓመት።

ዓሣ ሰንጣቂ ነኝ፤ ነበርኩ ማለቴ ነው፣
በግሪምስቢ ወደብ፣ በበረዶው አዳራሽ፤
አርባ አንድ ዓመት ቢላ የጨበጠ መዳፍ
ዛሬ የሚጨብጠው የድመት ጢም ብሩሽ።
የግራ ሌባ ጣቴ ጫፍ የለውም፤ ሄዷል
በአንድ የጥር ማለዳ ከዓሣው ጋር በሣጥን፤
የቀረው ጉማጅ ግን ለዚህ ሥራ ይመቻል፣
ይደግፍልኛል የሚንቀጠቀጠውን።

መጀመሪያ ምላጭ፤ ከፕላስቲክ ክፈፉ
ክንድና እግራቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ፤
ቅርጹ የተወውን የስፌት መስመር ደግሞ
እንደ ዓሣ ቅርፊት ቀስ አድርጎ መፋቅ።

ያስተማረችኝ ልጅ ቲልዳ ትባላለች፣
ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ጥርሷ በሽቦ ታስሮ፤
"ቀለም ከወፈረ ፊት ጭቃ ይሆናል" አለች፣
ረቡዕ ማታ በክበቡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ።
እናም አቀጥናለሁ፣ ወተት አሳክላለሁ።
ቡኒው ፈሳሽ ሲወርድ ወደ እጥፋቱ ውስጥ
ካፖርቱ ጥላ አወጣ፤ በደረቅ ብሩሽ ጫፍ
ጠርዙን ስዳብሰው፣ ብርሃን ሲገለጥ።

ሁለት ኩባያ አለኝ፦ አንዱ ለብሩሽ ማጠቢያ፣
አንዱ ለሻይ። ስንቴ ሰማያዊ ጠጣሁ!
ዶሪን ትጠይቃለች፦ "ሆድህንስ ደግሞ
ለየትኛው ጦር ነው?" መልስ አጥቼ ሳቅሁ።

የከበደኝ ዐይን ነው።
ነጭ ነጥብ፣ በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፤ በቃ።
እጄን ግን አርባ አንድ ዓመት በረዶ ነክሶታል።
ትንፋሼን ውጬ፣ በልቤ ምትና ምት መካከል
ዝም የሚልበትን ቅጽበት ጠብቄ ነካሁ።
አንዱ ደንግጦ ያያል፣ አንዱ ሸውራራ ወጣ፣
አንዱ፣ ከበሮ መቺው፣ ሊያለቅስ የደረሰ።
አልሰረዝኩትም። በዚያ ዕድሜ ማን አላለቀሰ?

ክበቡ ሕግ አለው፣ በደንቡ መጽሐፍ ያልተጻፈ፦
አዲስ የተቀባ ጦር በመጀመሪያው ዙር ረገፈ።
ዳይስ ትኩስ ቀለም ይሸተዋል ይላሉ።

የቀረኝ ቫርኒሽ ነበር፣ የመጨረሻው ልባስ።
ወሩ ኅዳር፤ ጭጋጉ ከባሕር እየገባ።
"ደረቅ ቀን ጠብቅ" ብላኛለች ቲልዳ፤
ግን ማግስቱ ረቡዕ፣ ማግስቱ ጨዋታ።
ቸኮልኩ። ጓሮ ወጣሁ፣ ጣሳውን ነቀነቅሁ፣
ነፋሁት።

ጠዋት ብነሣ ሠላሳ ስድስቱም ነጭ ሆነዋል።
ሰማያዊው የለ፣ የናሱ ቁልፍ የለ፣
የደከምኩበት ጥላ የለ፤
ጨው የተነሰነሰበት ሬሳ መስለዋል።
ሲያልቅ አያምር ማለት ለካ ይህ ኖሯል።
ዶሪን አየችና ምንም አልተናገረች፤
ዝምታዋ ከሳቋ ከበደኝ።

ማታ ቲልዳ ሣጥኑን ከፈተች፣
አንዱን አነሣችው፣ ወደ መብራቱ አዞረች።
"በወይራ ዘይት ካሸኸው ይለቃል" ብላ ቆመች።
ቆየችና፦
"ግን እኮ... በርዷቸዋል።"

አጎነበስኩ፣ አየሁ።
ኮሌታቸው ላይ የደረቀ ትንፋሽ፣
ቅንድባቸው ላይ አመዳይ፣
ሌሊት ዐሥር ሰዓት፣ ትከሻ ለትከሻ፣
በር እስኪከፈት የሚጠብቁ ሰዎች።
አውቃቸዋለሁ።
ስም ልጠራ ምንም አልቀረኝም።

ዘይቱን ከወጥ ቤቱ አስመጥቼ በጉማጄ ጫፍ
የከበሮ መቺውን ዐይኖች ብቻ ጠረግሁ።
ሌላውን ተውሁት።

በመጀመሪያው ዙር ዐሥራ ዘጠኙ ረገፉ፤
ሕግ ነው፣ ማንም አልተገረመ።
ነገ ከእግራቸው ሥር የሚለጠፍ በረዶ ልገዛ ነው፣
በትንሽ ከረጢት፣ አራት ፓውንድ ይላል።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
በነጻ ይሰጡኝ ነበር።