እንዳይታይ

ከመሐል ሜዳ ገበያ አንድ ሸክም ቃጫ ገዛሁ፤
እንደ ሽበት ነጭ ነው፤ ለእትዬ በለጥሻቸው ይዤ መጣሁ።
«ምን ልስፋልህ?» አለችኝ፣ «ሙዳይ ነው ወይስ አገልግል?»
«ካባ ነው» አልኳት፣ «ጓሳ መሐል ሰውን ሣር የሚያስመስል።
ቀይ ቀበሮዋ ወልዳለች፤ ጉድጓዷን ተኝቼ ልጠብቅ፣
ሳታየኝ ቡችሎቿን ልቁጠር፣ ደንግጣ ከሠፈሯ ሳትርቅ።»

ሳቀች። አርባ ዓመት ሙሉ ሣር ስታቀልም የኖረች፣
ቀዩን እሳት አስመስላ፣ ወይን ጠጁን ያደመቀች፣
ሰርግ ቤት ከሙሽራዋ በፊት ሌማቷ ቀድሞ የሚታይ፣
«ዛሬ ደግሞ» አለች፣ «ላቅልም? ዓይን እንዳይገባ? እንዳይታይ?»

«ለምን ከራሱ ከጓሳው አታጭድም?» አለች እንደ ዋዛ።
«ዘንድሮ ተዘግቷል፤ ጠባቂው ካጨድኩ ማንን በሕግ ልገዛ?»

«አረንጓዴ ነዋ!» ብላ የገበያውን ዱቄት ልታወርድ ተነሳች፤
«ቆይ፣ መጀመሪያ እይው» አልኳት። ባናዋን ደርባ ወጣች።
ነፋስ ላይ ተንበርክካ አየችው። አረንጓዴ የለውም ጓሳ፤
ሥሩ ጭድ፣ ወገቡ አመድ፣ ጫፉ የዝገት ጠባሳ።
«ይሄ አንድ ቀለም አይደለም፤ ሰባት ነው፣ ስምንትም ይሆናል፤
ቸኩሎ የነከረ ሰው ካባው ከሩቅ ይጮኻል።»

የመቅመቆ ሥር ወቀጠች፣ የሽንኩርት ልጣጭ ቀቀለች፣
የዛገ ምስማር ዘፍዝፋ የረግረግ ጭቃ ጨመረች።
አንዱን እፍኝ ሌሊት አሳደረች፤ አንዱን ሳይፈላ አነሳችው፤
አንዱን
          ረሳችው።
የረሳችው ነው ከሁሉም በልጦ ጓሳ የመሰለው።

«ምን ነክቶሽ ነው?» ቢሏት ጎረቤቶች እጇን እስከ ክርኗ አይተው፣
«ሰው እየደበቅሁ ነው» አለች። ሳቁ፣ እንደ ቀልድ ቆጥረው።

ሳይነጋ ወጣሁ። ውርጭ ነበር። ካባውን ለብሼ ተኛሁ፤
ጓሳ ውስጥ ጓሳ ሆንኩ፤ እግሬ የት እንዳለ አጣሁ።
ቀበሮዋ ብቅ አለች፤ አፍንጫዋን ወደ እኔ አዞረች፤
ሽንኩርት ሸተታት መሰለኝ፣ አንዴ አነጠሰችና ሄደች።
ቡችሎቹ ቀሩ፤ አራት ናቸው። አምስተኛው ጭራ ይሁን ሣር
እንጃ፤ መዝገቡ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፣ ከአራት ቁጥር ዳር።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ጭላዶች ከገደል ወጥተው ተሰማሩ፤
እየተንፏቀቁ ሲግጡ ደረሱብኝ። አላፈሩ።
አንዷ እናት፣ ልጇ ጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻዬ ጨበጠች፤
አኘከች።
አየችኝ።
          ተፋችው። ደግማ ነጨች።

ማታ ለእትዬ ነገርኳት። ስለ ቀበሮዋ አልጠየቀች።
«ስንቴ ነጨች?»
«ሁለቴ።»
          «ሁለተኛውንስ፣ ዋጠች?»