ትኬት ቆራጭ

ከበርበሬው ተራ ማዶ፣ ከመናኸሪያው በስተግራ፣
ቡሬ ላይ አንድ ቤት አለ፣ ሌት ተቀን መብራቱ የሚበራ።
በመስኮቱ ፍርግርግ ውስጥ የምታዩኝ እኔ ነኝ፣
ስሜን የሚጠራ የለም፤ «ቁረጪልኝ» ነው የሚሉኝ።

«ቁረጪልኝ» ይላል ስንሻው፣ ባጃጁን ደጅ አቁሞ፣
የነዳጁን ብር ጨብጦ፣ የሌሊቱን ሕልም አልሞ።
«ቁረጪልኝ» ይላል ልየው፣ ጠመኔ የነካው ጣቱ፤
ሒሳብ ያስተምራል ቀን ቀን፤ አልደመር ያለው የቤቱ።
ጋሽ አንማውም ይመጣሉ፣ ኩንታል በርበሬ ሸጠው፣
እያስነጠሱ፣ ጥግ ይዘው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው።
«ልጄ፣ አንቺው ምረጪልኝ።»
እመርጣለሁ። የማላውቀው አገር ያሸንፋል እላለሁ፤
የአንድ ክረምት ድካማቸውን በአንድ ጣቴ እጫናለሁ።

በእኛ ቤት መቁረጥ ብዙ ነው።
መጀመሪያ ትኬት ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ቡድን ይቆርጣል፤
ዐሥራ ሦስት ገብቶ፣ ላንዲት ጎል፣ ሰው ወንበሩን ይገለብጣል።
ከዚያ ዕቁቡ ይቆረጣል፤ ዳኛው ደብተሩን አንግቶ
በየደጁ ይዞራል፣ ከፋይ ከየቤቱ ጠፍቶ።
የመጨረሻውን መቁረጥ ስሙን ለመጥራት አልደፍርም፤
እሱን ለመቁረጥ መስኮትም፣ እኔም፣ ወረፋም አያስፈልግም።

ማታ የተጣለውን ወረቀት በጆንያ አጭቄ አወጣለሁ፤
ጆንያው ያምናው የጋሽ አንማው ነው፣ በስፌቱ ዐውቀዋለሁ።

ምንይችል፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በረኛ ነበር አንድ ሰሞን፤
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ቅዳሜን ጠብቀን፣
አቧራ ለብሰን፣ ሎሚ ይዘን፣ እንጮህለት ነበር ሁላችን፤
ኳስ ስታልፈው እንኳ «አይዞህ!» ይለው ነበር ሰፈራችን።
ያሸነፈ ሙክት ይበላል፤ የተሸነፈም አብሮ፤
ማንም ቤቱን አላስያዘም፣ ማንም አላደረ ተማርሮ።
ዛሬ ያ ሜዳ ሳር በቅሎበት የአህያ መዋያ ሆኗል፤
የጎሉን የባሕር ዛፍ ቋሚ አንዱ ለአጥሩ ነቅሎታል።
እሱም ጓንቱን ሸጠ፣ መቶ ሃምሳ ብር፤ ያን ቀን እኔ ነበርኩ ተረኛ፤
ቆረጥኩለት፣ ቀና ሳልል፣ እንደማንኛውም ደንበኛ።
አሁን የባሕር ማዶው በረኛ ጉልበቱን የቱ ጋ እንዳመመው ያውቃል፤
የእናታችን ጉልበት ካመመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ባለፈው ጥቅምት ስንሻው በላ፤ ሰማንያ ሺህ ብር ቆጠርኩለት፤
በቡሬ ያለ ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባውን ነፋለት።
ደስ ብሎኝ ገባሁ ያን ማታ። በማግስቱ በሩን ሳልከፍት
ሰልፉ በርበሬ ተራ ደርሷል፤ በሬ የሸጠም አለበት።
አንድ ሰው የበላ ዕለት ከተማው ሁሉ ተራበ፤
ስንሻውም ለገና ሳንደርስ የባጃጁን ቁልፍ ይዞ ቀረበ።
«ቁልፍ አንይዝም» አልኩት፤ ሄደ። ማታ በብር መንዝሮት መጣ፤
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ በእግሩ፣ ወደ ቤቱ ወጣ።

እኔስ? ወር ሲሞላ ደመወዝ እቀበላለሁ፤ አልዋሽም፣
የእናቴን መድኃኒት ገዛሁ። ከማን ኪስ እንደወጣ አልጠይቅም፤
ዐውቀዋለሁ። ብሩ ራሱ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤
ስቆጥረው ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ይለበልበኛል።
ምንይችል በፍርግርጉ አይቶ፣ «አለቀስሽ እንዴ?» ይለኛል።
«በርበሬው ነው» እለዋለሁ።
ሃምሳ ብሩን ያቀብለኛል።